በበረዶ ወራት የለመለመ ሣር

ቦሁም፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2021

ይድረስ ለወንድሜ ለሰክ ዶክማን፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ማልሱንስ ደህና ናት? የዘንድሮው ነጭ ሽንኩርት ተተክሎ አለቀ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ጀርመን ዝናቡ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ያቆማል ብዬ አልጠብቅም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሳጥኑም ደርሶሃል፤ ወይም ሳጥኑ ቀድሞ መጥቶ ግራ ገብቶህ ይሆናል። የሆርስት ካሜራ ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ካሜራው ግን ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ያፈጥብኛል። የፎቶ ማኅበራችን አባላት እንግዛሽ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

ለምን ለአንተ እንደላክሁት ልንገርህ። በየዓመቱ ለቹሶክ የመከር በዓል የአባቴን፣ የአጎትህን መቃብር ሣር አጭደህ በስልክህ የምትልክልኝ ፎቶ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው። አትቀየመኝ። አርባ ሁለት ዓመት በእጅህ ስታጭድ ኖረሃል፤ ለዚህ ውለታህ የምከፍለው የለኝም። ነገር ግን አባቴ ሲሞት እኔ እዚህ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ መርዶው የደረሰኝ በተቀበረ በሃያ ቀኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን የመቃብር ጉብታ በዓይኔ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ሐኪሙ በዚህ ወገብሽ አሥራ አንድ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አይታሰብም ብሎኛል። እንግዲህ የቀረኝ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ጎመን።

አሁን በጥሞና አንብብ። ከላይ ያለውን መዞሪያ ኤ የሚለው ፊደል ላይ አድርገው። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ኤፍ 1.8 አውርደው። የሌንሱ ቀዳዳ ወለል ብሎ ይከፈታል ማለት ነው፤ ያነጣጠርህበት ነገር ጥርት ይላል፣ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ክርንህን ከጎንህ ጋር አጣብቅ። ቁልፉን አትምታው፣ ቀስ ብለህ ተጫነው፤ ግማሽ ድረስ ስትጫነው ጢጥ ይላል፣ ያን ጊዜ ዒላማውን ይዟል። ቆመህ ቁልቁል አታንሳ፣ ተንበርከክና ከጉብታው እኩል ሁን። ቀትር ላይ አታንሳ፤ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ ውጣ።

ፎቶውን በስልክ እንዳትልክልኝ፣ ስልክ ያኮማትረዋል። ሚሞሪ ካርዱን አውጥተህ ከደብዳቤህ ጋር በፖስታ ላከው። ሁለት ካርድ አስገብቼልሃለሁ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል።

አንድ አደራ። ሰዉ አሁን አሁን የመቃብር ሣር የሚያጭድለት ድርጅት ይቀጥራል ሲባል እሰማለሁ። የአባቴን ሣር ከአንተ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው።

ዕድሜ ከጤና ይስጥህ።

እህትህ ቦንጊም


ሶንጎክ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2021

ለተከበሩ እትዬ ቦንጊም፣

ብርዱ በገባበት በዚህ ወር ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ሙቀት እንዳይለየው አደራ። እኛ ደህና ነን፤ ነጭ ሽንኩርቱም ተተክሎ ጭድ ለብሷል።

ካሜራው ደረሰ። ፖስተኛው እኛን ቤት ስላጣን የሽማግሌዎች አዳራሽ አኑሮት ሄደ፤ ስለዚህ የተከፈተው በአሥራ አራት ሰው ፊት ነው። የመንደሩ ሹም እያገላበጠ አየውና «ይሄ የወፍ ካሜራ ነው» አለ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጡረታ የወጡ የከተማ ሰዎች ወፍ የሚያሳድዱበት» አለኝ። ማልሱን ደግሞ «በዚህ ጉልበቱ ወፍ ሊያሳድድ? ወፏ ናት የምታሳድደው» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተበላሽቷል ብዬ እህል አልበላ አለኝ። በመስኮቱ ባይ ጨለማ፣ ቁልፉን ብጫን እምቢ። የሆርስትን ዕቃ ገና ሳልነካው ገደልኩት ብዬ ለእርስዎ ምን እንደምጽፍ ሳሰላስል፣ ማልሱን መጥታ የሌንሱን ክዳን አነሳችው። «ዓይኑን ከድነህ እይልኝ ትለዋለህ?» አለችኝ። ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት፤ ምሳ ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሻውን፣ የጎረቤትን የኮክ ዛፍ፣ የማልሱንን የኪምቺ ጎመን ጋኖች አነሳሁ። ውሻው አልቆም ስላለኝ ሦስት ጅራት ያለው ሆኖ ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ስትወጣ ኮረብታው ላይ ወጥቼ የትልቁን አባባ፣ የአባትዎን መቃብር አነሳሁልዎ። እንዳሉኝ ተንበረከክሁ። ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ ገበታ ሳነጣጥር ከኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ሆነ። ይህ ኤፍ 1.8 ያሉት ነገር እጅግ ተስማምቶኛል፤ ከእንግዲህ ሁሉንም በዚህ ቁጥር ነው የማነሳው።

ካርዱን በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ጤና ይብዛልዎ።

ወንድምዎ ዶክማን


ቦሁም፣ ዲሴምበር 29 ቀን 2021

ለወንድሜ ለዶክማን፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንላችሁ። ካርዱ በበዓል ዋዜማ ገባልኝ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። በድንጋይ ገበታው ፊት ላይ የተቀረጸውን የአባቴን ስም ሦስቱንም ፊደል አነበብኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። እጅህ ጎበዝ ነው።

አሁን ወደ ስሕተትህ። ያነሳኸው በኖቬምበር ነው፤ ሣሩ ግን የሰኔ ሣር ነው የሚመስለው። ድንጋዩ ግራጫ፣ የሣሩ ጫፍ ደግሞ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ሆርስት ነፍሱን ይማርና ቀለም ማብዛት ይወድ ነበር፤ ካሜራውን እንዳለ ትቶት ነው የሞተው። ምናሌው ውስጥ ግባና የሥዕሉን ዓይነት «መልክዓ ምድር» ከሚለው ወደ «ገለልተኛ» መልሰው። የነጭ ሚዛን የሚለውን ደግሞ ጥላ ካለ የቤት ምልክት፣ ደመና ከሆነ የደመና ምልክት ላይ አድርገው። ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ ከወጣ ሌላው ቀለም ሁሉ ራሱ ይስተካከላል።

ሌላው፣ ኤፍ 1.8ን ወደድኩት ብለህ ሁሉን በእሱ አታንሳ። ወጥ ሁሉ አንድ ጨው አይወስድም። ደግሞም ሁሌ ከፊት ነው የምታነሳው። ዞር በል። ከጎን፣ ከኋላ፣ አጠገቡ ካለው ጥድ በኩል አሳየኝ።

ማልሱንን ሳምልኝ። አዲሱ ዓመት ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።

ቦንጊም


ሶንጎክ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2022 (ይህ ደብዳቤ በዚህ ቀን ተጻፈ እንጂ አልተላከም)

ለተከበሩ እትዬ ቦንጊም፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ያሉኝን ሁሉ ምናሌው ውስጥ ገብቼ አስተካከልኩ፣ ወጥቼም ሞከርኩ። ቀለሙ አልተለወጠም። የሚለወጥም አይደለም፣ ሣሩ ፕላስቲክ ነውና።

በ2020 በጋ የዱር አሳማ መጥቶ የትልቁን አባባ ጉብታ ከኋላ በኩል ጎርጉሮ አፈረሰው። ትል ፍለጋ ነው። በሸክም አፈር አውጥቼ ደለደልኩት፣ አዲስ ሣርም ተከልኩ። አሳማው በወሩ ተመልሶ መጣ። ሦስት ጊዜ ተከልኩ፤ ጥዱ ጥላ ስለሆነ የተረፈውም አልያዘ አለኝ። ያን ጊዜ የመንደራችን ሽማግሌዎች ኳስ በመዶሻ የሚመቱበት የጌትቦል ሜዳ ምንጣፉ ሲታደስ አሮጌው ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ሹሙን ለመንኩትና ወስጄ ጉብታውን ሁሉ አለበስኩት፣ ዳር ዳሩን በምስማር ቸነከርኩት። ጊዜያዊ ነው ብዬ ነበር። ከኋላ በኩል ነጭ የሜዳ መስመር አለበት፤ ለዚህ ነው ከኋላ የማላነሳው።

እትዬ፣ ጉልበቴ ሄዷል። ሐኪሙ ቀኙ ውስጡ አልቋል፣ ኮረብታ አቁም ብሎኛል። ማጨጃውን ተሸክሜ መውጣት ካቃተኝ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ፕላስቲክ አይታጨድም፤ ዕውነቱን ለመናገር ይህም ደስ ብሎኛል።

በ2023 ጸደይ በጨረቃ አቆጣጠር ትርፍ ወር አለ። መናፍስት ሰው የሚሠራውን የማያዩበት ወር ስለሆነ በዚያ ወር ብዙ ቤተሰብ መቃብር እየከፈተ፣ አጽሙን አቃጥሎ አመዱን መኪና የሚደርስበት ቦታ ያሳርፋል። እኔም ለትልቁ አባባ ይህን ለማድረግ እፈልጋለሁ። እኔ ከሞትኩ ወይም አልጋ ከያዝኩ ወደዚያ የሚወጣ ሰው የለም፣ ልጆቼ መንገዱን እንኳ አያውቁትም። የበኩር ልጃቸው እርስዎ ስለሆኑ ያለእርስዎ ፈቃድ አፈሩን መንካት አልችልም።

አባቴ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደጉኝ ትልቁ አባባ ናቸው። አደራ ተሰጥቶኝ ፕላስቲክ አለበስኳቸው። ይህን ለእርስዎ እንዴት ብዬ ልላክ?


ሶንጎክ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022

ለተከበሩ እትዬ ቦንጊም፣

የጨረቃው አዲስ ዓመት ዕድሜ ይጨምርልዎ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ካሜራው ብርድ አይወድም መሰለኝ፣ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። አሁን እንደ እንቁላል ብብቴ ሥር ይዤው ነው የምወጣው።

ምናሌውን እንዳሉኝ አስተካክዬዋለሁ። ቀለሙም አሁን ተስተካክሏል። ደግነቱ ባለፈው ሳምንት ትልቅ በረዶ ጣለልንና ትልቁን አባባን በነጭ ልብስ አነሳኋቸው። ከጎን በኩልም አንድ አለ። በረዶው ግን እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ምን አጥፍቼ እንደሆነ አላወቅሁም።

ማልሱን ሰላምታ ታቀርባለች።

ዶክማን


ቦሁም፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2022

ለወንድሜ ለዶክማን፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ካርዱ ደርሶኛል።

በረዶው ለምን ግራጫ እንደሆነ ልንገርህ። ካሜራ ሞኝ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ ስታሳየው በዛብኝ ብሎ ያጨልመዋል። መደመርና መቀነስ ያለበትን ቁልፍ ይዘህ ወደ መደመር አንድ ቁጥር ውሰደው፣ በረዶው በረዶ ይሆናል። ጥቁር ነገር ስታነሳ ደግሞ ቀንስለት። የምታየውን አንተ ነህ የምታውቀው፤ ካሜራው እንዲወስንልህ አትተወው።

አሁን አንድ ፎቶ ብቻ እፈልጋለሁ። ኤፍ 11 ላይ አድርግ። ቀዳዳው ይጠባል፣ ከእግርህ ሥር ካለው ሣር ጀምሮ እስከ ጥዱ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ብርሃን ስለሚያንስ እጅህ እንዳይነቀንቀው ከካሜራው ጋር በላክሁልህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጠው። ከኋላ በኩል ቁምና አንሳልኝ። የደበዘዘ ነገር አልፈልግም።

ትልቅ አድርጌ አሳትሜው ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነው። ጊዜ ውሰድ፤ ግን አንሳው።

ቦንጊም


ሶንጎክ፣ ጁላይ 9 ቀን 2022

ለእትዬ ቦንጊም፣

ማልሱን ነኝ፣ የዶክማን ሚስት። እንደምን ሰነበቱ? በእጄ ስጽፍልዎ የመጀመሪያዬ ነውና ፊደሌን ይታገሡት።

ሰውዬው በነጭ ሽንኩርት ለቀማ ተይዟል ብለሽ ጻፊላት ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከተለቀመ ሳምንት አልፎታል። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ካሜራውን አንግቦ ይወጣል፣ ሳያነሳ ይመለሳል። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ጤዛ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ጉልበቱ እንደ ሐብሐብ አብጦ ተኝቷል። ኮረብታ ላይ ሲያለቅስ ያየው ሰው አለ።

እኔ ወጣሁ። ኤፍ 11 ያሉትን ደብዳቤዎ ላይ አይቼ አደረግሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ዙሪያውን አንስቻለሁ። እሱ አያውቅም።

አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ነገር ደብቆኝ አያውቅም። እርስዎን ግን ይፈራል። ፎቶዎቹን አጉልተው ይዩና እርስዎ ይፍረዱ።

ማልሱን


ሶንጎክ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2022

ለተከበሩ እትዬ ቦንጊም፣

ጤናዎን እንደምን ብዬ ልጠይቅ? ከእርስዎ ቃል ካጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ፖስተኛው በበራችን ሲያልፍ ሰላም ለማለት እንኳ አፈርኩ።

ማልሱን ያደረገችውን የነገረችኝ በቹሶክ ዕለት ነው። አኮረፍኳት። ሁለት ቀን ሙሉ አላነጋገርኳትም፤ በሦስተኛው ቀን «አንተ ሁለት ዓመት መላክ ያቃተህን እኔ በአንድ ጠዋት ላክሁት፣ ይኸው ነው» አለችኝ።

እንግዲህ አይተውታል። ከዚህ ጋር በጃንዋሪ ጽፌ ሳልልከው የቀረ ደብዳቤ አለ። አንድ ፊደል አልነካሁበትም። ሁሉም እዚያ ውስጥ ስላለ አልደግመውም።

ትርፉ ወር የሚገባው ማርች 22 ነው፣ የሚወጣው ኤፕሪል 19። ካለፈ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም በሐሩር በጋ። የዚያን ጊዜ እኔ ኮረብታው ላይ መድረሴን እጠራጠራለሁ። እሺ ካሉኝ አደርገዋለሁ። እምቢ ካሉኝ ጉብታውን አልነካም፤ እስከቻልኩ ድረስ እየዳህሁም ቢሆን እወጣለሁ። ካሜራውን መልስ ካሉኝም ጠርጌ እመልሳለሁ።

የሚሰማኝ ኀፍረት ነው። በእኔ የሚያፍሩ ከሆነ እውነትዎን ነው።

ዶክማን


ቦሁም፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2023

ለወንድሜ ለዶክማን፣

ጉልበትህ እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ ማስቀደሜን ልብ በል። የላክሁልህን ደብዳቤዎች ግልባጭ አውጥቼ አነበብኳቸው። ስለ ቀዳዳ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ በረዶ አስተምሬሃለሁ። ማልሱን ስለ ጉልበትህ የቀለደችውን በመጀመሪያው ደብዳቤህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እንደ ቀልድ አንብቤ አለፍኩት። ነርስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ በእርግጥ የቀለም ስሕተት መስሎኝ ነበር። የበረዶው ካርድ ሲመጣ ግን አወቅሁ። ከጎን ያነሳኸው ላይ በግራ ጥግ ጫማህ በረዶውን ገፍፎታል፤ ከሥሩ አረንጓዴ አለ። በፌብሩዋሪ። አጎላሁት። ቅጠሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ አንድም የደረቀ የለም። የፎቶ ማኅበራችን የሚሰበሰብበት ቤት አጠገብ የልጆች ኳስ ሜዳ አለ፣ በየሳምንቱ የማየው ሣር ነው።

ኤፍ 11 ላይ አንሳ ብዬ የጻፍኩልህ ሁሉን ካወቅሁ በኋላ ነው። በሩን የከፈትኩልህ መስሎኝ ነበር፤ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ። አሁን ሳስበው በር መክፈት አልነበረም፣ ወጥመድ ነው። በዚያ ወጥመድ ሁለት ወር አመላልሼህ ጉልበትህን ሰበርኩ።

የማልሱን ካርድ ሲደርሰኝ አንድ ሳምንት ተናደድኩ። ያ ነጭ መስመር አባቴ ላይ እንደ መንገድ ተሰምሮ ሳየው ወረቀት አውጥቼ አንተን የሚቆርጥ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ ቀደድኩት። ቀሪውን ጊዜ ዝም ያልኩት በአንተ ተናድጄ አይደለም። አባቴ የታመመ ጊዜ ያጠብከው አንተ ነህ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ማጭድ ያልያዝኩት እኔ፣ ሣሩን እንደ ተቆጣጣሪ ከሩቅ ስመረምር ኖርኩ። ቅናትም ነበረብኝ፤ አባቴን ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ የምታውቀው። እንዲህ ያለውን መጻፍ ስለ ሌንስ እንደመጻፍ አይቀልም፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ክፈተው። በትርፉ ወር ክፈተው። ከቤታችሁ በታች ባለው ማሳ ዳር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር፣ ማልሱን ጎንበስ ሳትል የምታየው ቦታ ይረፍ። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

የመቃብር ፎቶ ከእንግዲህ አትላክልኝ። ሦስት ጊዜ በመጡት ካርዶች ውስጥ ውሻ አለ፣ ጋን አለ፣ ማልሱን አለች፤ አንተ የለህም። የሰዓት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫነውና አሥር ሰከንድ ምረጥ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስቀምጥ፣ ቁልፉን ተጫን፣ ሄደህ ቁም። አሥር ሰከንድ ለሁሉም ሰው ይበቃል።

ጉልበትህን በሙቅ ጨርቅ ሳይሆን በቀዝቃዛ ያዘው። እኅትህ ነርስም ናት።

ቦንጊም


ሶንጎክ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2023

ለተከበሩ እትዬ ቦንጊም፣

ፀደዩ ገብቶ የኮክ አበባው ረግፏል። ጤናዎ ይጠበቅ። ደብዳቤዎን ማልሱን ጮክ ብላ ካነበበችልኝ በኋላ እንደገና ለብቻዬ አነበብኩት።

ሁሉም በሰላም ተፈጸመ። ኤፕሪል 8 ቀን ጠዋት አምስት ሰዎች ይዘን ወጣን፤ እኔን የሹሙ ልጅ በእርሻ ጋሪ እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ጎተተኝ። መጀመሪያ መጠጥ አፍስሰን ሰገድን፣ ቤት እንደምንቀይርላቸው ነገርናቸው። ምንጣፉን ስንገፍፍ የጌትቦሉ ሰብሳቢ «ይሄ ነጭ መስመር የጠፋብን ነው፣ በዚህ ምክንያት ሁለት ጨዋታ ተሸንፈናል» አለ። ሰው መቃብር ላይ እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ትልቁ አባባ እንደሚስቁ ስለማውቅ እኔም ሳቅሁ።

አጽማቸው ንጹሕና ቢጫ ነበር። ቆፋሪው ሽማግሌ «ጥሩ ቦታ ተኝተዋል፣ ውኃ አልነካቸውም» አለ። ይህን ለእርስዎ ለመጻፍ እጄ ሲቸኩል ነበር። ያው በዚያው ቀን አመዳቸው ማሳው ዳር አረፈ። አሁን ጠዋት ጠዋት ማልሱን ወጥ ቤት ሆና «ደህና አደሩ» ትላቸዋለች፤ እኔ በመስኮት አያለሁ፣ አንድም ደረጃ አልወጣም።

የጠየቁኝ ፎቶ ግን አሳፈረኝ። ካሜራውን ማሳው ዳር ተከልኩ፣ አሥር ሰከንድ መረጥኩ። እትዬ፣ አሥር ሰከንድ ለሁሉም ሰው አይበቃም። ካሜራው ጢጥ ጢጥ ሲል እኔ እያነከስኩ እሄዳለሁ፤ ዞር ሳልል ያነሳል። ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬ ዘጠኙም ጀርባዬ ነው። ማልሱን አጥር ላይ ተደግፋ «ካሜራው ፊትህን አይቶት ነው የሚቸኩለው» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ እሷ ቁልፉን ተጫነችልኝና አሥረኛው ላይ ቁጭ ብዬ አለሁ፤ ዓይኔ ግን ተጨፍኗል።

ዘጠኙን ማጥፋት ስላልቻልኩ እንዳሉ ተልከዋል። አይመልከቷቸው።

ዶክማን


ቦሁም፣ ሜይ 21 ቀን 2023

ለወንድሜ ለዶክማን፣

ለእናንተ ሰላም ይሁን። አባቴ ደረቅ ቦታ መተኛቱን ስላበሰርከኝ ሁሌ አመሰግንሃለሁ።

አሥረኛው ፎቶ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ዓይንህ መጨፈኑ አይከፋም። ያሳተምኩት ግን አራተኛውን ነው።

አትመልከቺ ያልከኝን አየሁ። ወደ ማሳው እየሄድክ ነው፣ ቀኝ እግርህ ወደኋላ ቀርቷል፣ ግራ ትከሻህ ዝቅ ብሏል፣ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገሃል። የአባቴ አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው ያለኝ፣ ፊቱ ብቻ። ጀርባውን ማንም አንስቶት አያውቅም። ምን ይመስል እንደነበር ረስቼው ኖሯል፤ ለካ የአንተው ጀርባ ነው።

አንድ ሜትር አድርጌ ሰቀልኩት። ማታ ማታ ወንበሬን ፊት ለፊቱ አድርጌ እቀመጣለሁ። ትናንት ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዞር ብሎ እንዲያየኝ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት።

ቦንጊም